በሦስት እግር መዝለቅ፦ እግሩ የተቆረጠ ትንሽ ውሻ አያያዝ ከምዕራብ ጎጃም አንጻር ሲዳሰስ

የጥያቄው ወሰን

እግሩ የተቆረጠ ውሻ በቀሩት ሦስት እግሮቹ መሄድ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጥያቄ በእንስሳት ሕክምና ዘንድ መልስ ካገኘ ቆይቷል፤ ይችላል። ጤነኛ የነበረ ውሻ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ለመቆም ይታገላል፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም የራሱን አረማመድ ያበጃል። እስካሁን የሚያከራክረው ሌላው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሦስቱ እግሮች የአራቱን ሸክም በምን ሁኔታና ለስንት ዓመት ይችሉታል የሚለው ነው። የፊተኛውን ጉዳይ «መላመድ»፣ የኋለኛውን ደግሞ «መዝለቅ» ብሎ መለየት ይጠቅማል። መላመድ በአብዛኛው የውሻው ተፈጥሮ የሚሠራው ሥራ ሲሆን መዝለቅ ግን ከሞላ ጎደል በባለቤቱ እጅ ነው፤ ሁለቱ ስለሚቀላቀሉም «ውሻው ለምዷል» ተብሎ ክትትሉ የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ ክትትል በሚያስፈልግበት ሰዓት ላይ ነው።

«ትንሽ ውሻ» የሚባለው በዚህ ዳሰሳ ክብደቱ ከ10 ኪሎ ግራም የማይበልጠው ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች ግቢ ውስጥ የሚያድጉት አጫጭር ድቅል ውሾችም፣ በገጠር ቀበሌዎች ፍርፋሪ እየተጣለላቸው የሚኖሩት ቀላል የአገር ውሾችም በዚህ ይካተታሉ። ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ፤ የሚያነክስ ውሻ ሁሉ እግሩ የተጎዳ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በአንዳንድ ውሾች ላይ በመናከስ ሳይሆን በሽባነት ስለሚገለጥ፣ መኪና ሳይገጨው ወይም ሳይወድቅ ድንገት የኋላ እግሩን መጎተት የጀመረ፣ ምራቁ የሚዝረበረብና መዋጥ ያቃተው ውሻ በባዶ እጅ መነካት የለበትም። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ክትባቱ ሦስት እግር ላለው ውሻም የእንክብካቤው ሁሉ መነሻ ነው።

ከመንጋ ሕክምና ወደ አንድ ውሻ

እግርን ቆርጦ ሕይወትን የማትረፍ ጥበብ ለሰውም ለእንስሳም የታመነ የሆነው ሁለት ነገሮች ከተገኙ በኋላ ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1846 በቦስተን በአደባባይ የታየው የኤተር ማደንዘዣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቀዶ ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 ያሳተመው ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ከመመርቀዝ የመከላከል ዘዴ ነው። ከዚያ በፊት የእግር አጥንቱ የተሰባበረ እንስሳ ዕጣው በአብዛኛው መገደል ነበር።

የኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና ግን ያደገው በሌላ መንገድ ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱን ያራቆተው የቀንድ ከብት ወረርሽኝና ያስከተለው ክፉ ቀን፣ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ማለት የእርሻ በሬንና የወተት ላምን ማዳን ማለት እንዲሆን አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1964 በደብረ ዘይት የተቋቋመው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ክትባት ማምረቻ ነው፤ በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲም ባለሙያዎችን ያወጣው በቅድሚያ ለመንጋ ጤና ነው። ዓላማው ትክክል ነበር፤ የከብቱ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ የታወጀውም እንዲህ ባለ የክትባት ሥራ ነው። ውሻ በዚህ ሥርዓት ውስጥ በዋናነት የገባው በሰው ጤና በኩል፣ በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት በመሆኑ፣ የወረዳ ክሊኒክ ባለሙያ ውሻን በብዛት የሚያገኘው ሊከትብ እንጂ እግሩን ሊቆርጥለት አይደለም።

የዚህ ውጤት በምዕራብ ጎጃም በግልጽ ይታያል። ሙሉ ማደንዘዣ የሚጠይቅ የትናንሽ እንስሳት ቀዶ ሕክምና በብዛት የሚገኘው በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ (በቀድሞዋ ደብረ ዘይት) ሲሆን፣ ከፍኖተ ሰላም እስከዚያ ያለው መንገድ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት መንገድ በየጊዜው ስለሚዘጋ፣ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ አይደለም። በባጃጅ ወይም በጭነት መኪና የተገጨ፣ ወይም ጅብ የነከሰው ውሻ በመጀመሪያ የሚታየው እንግዲህ በቤተሰቡ፣ አንዳንዴም በወጌሻ ነው። ጥሩ ወጌሻ ወለምታን ያቃናል፤ ነገር ግን ቀርከሃና ጨርቅ አጥብቆ ሲያስር ደም መዘዋወሩን ካቋረጠ፣ ከእስሩ በታች ያለው ክፍል በጋንግሪን ይሞታል። ይህ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተለይም በሕፃናት ላይ ደጋግሞ የታየ የእግርና የእጅ መቆረጥ ምክንያት ነው፤ ደም የሚያጣ ሥጋ የሚሞተው በውሻም ላይ በዚያው መንገድ ነው።

ይቆረጥ ወይስ ይቅር?

በዚህ ጥያቄ ላይ አራት አቋሞች አሉ። የመጀመሪያው ውሻውን ያለ ሥቃይ ማሰናበት የተሻለ ነው ይላል፤ መነሻውም አካሉ የጎደለ እንስሳ ይሠቃያል የሚል ርኅራኄ ነው። ሁለተኛው እግሩን ትቶ በጊዜ እንዲድን መጠበቅ ነው፤ በገጠር የሚበዛው ይህ ነው። ስብራቱ ጠማማ ሆኖም ቢሆን ከገጠመ ውሻው አንካሳ ሆኖ ይኖራል፤ ነርቩ የሞተበት ወይም የተንጠለጠለ እግር ግን መሬት ለመሬት ሲጎተት ይቆስላል፣ ትል ይጥላል፣ ከክብደቱም በላይ ሸክም ይሆናል። ሦስተኛው በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የጸናው አቋም ሲሆን፣ እግሩ ከላይ፣ የፊቱ ከነትከሻ አጥንቱ፣ የኋላው ደግሞ ከጭን አጥንቱ መካከል ወይም ከዳሌው መገጣጠሚያ እንዲወጣ ይመክራል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ውሻ የቀረ ጉማጅ ካለው ሊቆምበት ይሞክራል፣ ጉማጁም ከድንጋይና ከወለል ጋር እየተጋጨ አይድንም። አራተኛው አዲሱ አቋም ሰው ሠራሽ እግር ለማሰር ያመች ዘንድ በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ መቁረጥን ይደግፋል፤ ወደ እርሱ ኋላ ላይ እንመለሳለን።

የመጀመሪያውን አቋም ያዳከሙት የባለቤቶች ጥናቶች ናቸው። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት የ44 ውሾችን ባለቤቶች ጠይቆ አብዛኞቹ ውሾች በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ እንደለመዱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የታተመው ደግሞ 64 ባለቤቶችን ጠይቆ 91 በመቶዎቹ በውሻቸው ጠባይ ላይ ለውጥ እንዳላዩ፣ 86 በመቶዎቹም ነገሩ ቢደገም ያንኑ እንደሚወስኑ መልሰዋል። ከዚህ ጥናት ብዙም ያልተወራለት ግኝት ግን ለዚህ ዳሰሳ ይበልጥ ይጠቅማል፤ በተቆረጡበት ጊዜ ወፍራምና ከባድ የነበሩት ውሾች ኋላ የነበራቸው የኑሮ ደረጃ ዝቅ ያለ ነበር። ጥናቶቹ ድክመት አላቸው። መልስ ሰጪው ውሻው ሳይሆን ባለቤቱ ነው፣ ውሳኔውን የወሰነ ሰው ደግሞ ውሳኔውን መውደዱ አይቀርም፤ ውሻም ሕመሙን የመደበቅ ጠባይ አለው። ስለዚህ ጥናቶቹ መላመድን በበቂ ያስረዳሉ፣ ስለ መዝለቅ ግን የሚነግሩን ጥቂት ነው።

የፊትና የኋላ እግር አንድ አይደሉም

አራት እግር ያለው ውሻ ቆሞ ሳለ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው። የኋላ እግር ሲጎድል ውሻው አካሉን ወደ ፊት አዘንብሎ ሸክሙን ለሁለቱ የፊት እግሮች ያከፋፍላል፤ አረማመዱም ከሩቅ ሲታይ ብዙ አይለወጥም። የፊት እግር ሲጎድል ግን ብቻውን የቀረው የፊት እግር ወደ ደረቱ መካከል ገብቶ ምሰሶ ይሆናል፣ ውሻው በተራመደ ቁጥር ራሱን ወደ ላይ ይሰብቃል፣ አከርካሪው ይጎብጣል፣ የእግሩ አንጓም ከመጠን በላይ ወደ ኋላ መታጠፍ ይጀምራል። ጫና በሚለካ ሰሌዳ ላይ ውሾችን ያስኬዱ ተመራማሪዎች ያረጋገጡት ዋና ነገር ለውጡ በቀረው ጥንድ እግር ብቻ አለመወሰኑን ነው፤ አንገት፣ ወገብና በሌላው ጫፍ ያሉት መገጣጠሚያዎች ሁሉ ሥራቸውን ይለውጣሉ።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ልዩነት ለወጣ ገባው የጎጃም ምድር ትርጉም አለው። የፊት እግር የሌለው ውሻ የሚቸገረው ቁልቁለት ላይ ነው፣ ክብደቱ ሁሉ በአንዱ እግር ላይ ይወድቃልና፤ የኋላ እግር የሌለው ደግሞ ዳገት ሲወጣና ከመሬት ሲዘል ኃይል ያንሰዋል። ትንሽ ውሻ በአንድ በኩል ዕድለኛ ነው፤ አካል ሲተልቅ ክብደት የሚጨምረው ከአጥንትና ከጡንቻ ውፍረት ፈጥኖ ስለሆነ፣ 6 ኪሎ የሚመዝነው ውሻ ከ40 ኪሎው ይልቅ ለራሱ ክብደት ጠንካራ ነው። በሌላ በኩል በትናንሽ ውሾች ዘንድ የጉልበት ሎሚ ከቦታው የመንሸራተት ችግር የተለመደ በመሆኑ፣ አንዱ የኋላ እግር ከመቆረጡ በፊት የሌላው ጉልበት በሐኪም እጅ መፈተሽ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ምርመራ ይህ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነገር ሌላ ጉዳይም አለ። የኋላ እግር የሌለው ውሻ በዚያው ወገን ያለውን ጆሮውንና አንገቱን ማከክ አይችልም። ስለዚህ መዥገርና ቁንጫ የሚከማቹት በዚያ በኩል ነው፤ የባለቤቱ እጅ የጎደለውን እግር ሥራ መሥራት ይኖርበታል።

ክብደት፣ ጾምና ፍስክ

ለመዝለቅ ከሚቀርቡት ዘዴዎች ሁሉ ማስረጃው የጠነከረው ውሻውን ቀጭን አድርጎ የመያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት 48 የላብራዶር ውሾችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ዕድሜ ልካቸውን ተከታትሏል፤ ከጥንዱ አንደኛው ከሌላው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጠው ነበር። ጥቂት የበሉት መካከለኛ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ሲሆን የጠገቡት 11.2 ዓመት ነበር፤ ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉት የመገጣጠሚያ መበላትም በቀጫጮቹ ላይ ዘግይቶ ታየ። እነዚህ ባለ አራት እግር ትልልቅ ውሾች ናቸው፤ ግኝቱን ወደ ትንሽና ባለ ሦስት እግር ውሻ ማሻገር ግምት ቢሆንም፣ በጥቂት መገጣጠሚያ ላይ ብዙ ጫና ሲያርፍ ውፍረት ጉዳቱ ይብሳል እንጂ አይቀልም።

በትንሽ ውሻ ላይ ስሌቱ ዓይን ያታልላል። በ6 ኪሎው ውሻ ላይ የተጨመረች 1 ኪሎ 60 ኪሎ በሚመዝን ሰው ላይ 10 ኪሎ እንደመጨመር ናት። ሐኪሞች በሚጠቀሙበት ቀመር ይህ ውሻ ሳይንቀሳቀስ ብቻ የሚፈጀው ኃይል በቀን 270 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ የዕለት እንቅስቃሴው ሲታከልበት ከ400 ብዙም አይርቅም። አንድ ሙሉ እንጀራ ብቻውን ወደዚህ መጠን ይጠጋል። ክብደቱን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ውሻውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ በወር አንድ ጊዜ ማስመዘን ይበቃል። ሚዛን በሌለበት የእጅ ጀርባ ያገለግላል፦ የውሻው ጎድን ሲዳሰስ የተዘረጋ እጅ ጀርባ ላይ እንዳሉት አጥንቶች ከተሰማ ልክ ነው፣ እንደ መዳፍ ከለሰለሰ ወፍሯል፣ እንደ ተጨበጠ ጡጫ አንጓ ከጎረበጠ ከስቷል።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ግን መክሳትም ከመወፈር ያልተናነሰ አደጋ ነው፤ ከሌላ አገር የተቀዳ ምክር የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። የውሻ ምግብ የቤተሰቡ ትርፍራፊ በመሆኑ የቤተሰቡን ጾምና ፍስክ ይከተላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከቤት ሲጠፋ የውሻው ድርሻ ደረቅ እንጀራ ይሆናል፤ እንጀራ ኃይል ቢሰጥም ጡንቻ የሚጠግን ፕሮቲን በበቂ የለውም። ሦስት እግር ያለው ውሻ ደግሞ መገጣጠሚያውን የሚደግፍለት ጡንቻው ነው። ቀላሉ መፍትሔ ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ ቅመም ሳይገባበት በደንብ ቀቅሎና ፈጭቶ ከእንጀራው ጋር መለወስ ነው። ከወጥ ወይም ከሽሮ መጨለፍ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ሆኑ የበሰሉ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራሉ፣ ትንሽ ውሻ ደግሞ በጥቂቱ ይጎዳል። የፋሲካ ማግስት የተገላቢጦሹ ነው። በአንድ ቀን የሚጣልለት ጮማ ቆሽቱን ሊያስቆጣ፣ የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀቱን ሊወጋ፣ ጥሬ ጉበትና ሳንባም ውሻው ወደ ሰው የሚያስተላልፈውን የአንጀት ትል ሊያስይዘው ይችላል። የሆድ ዕቃ ጥሩ የፕሮቲን ምንጭ ነው፤ በደንብ ከተቀቀለ።

ወለል፣ ጭቃና ጥፍር

ሦስት እግር ያለው ውሻ የሚወድቀው ደክሞ ሳይሆን ተንሸራትቶ ነው። እንደ ጠረጴዛ በአራት እግር የቆመ አካል አንዱ ቢስት ሦስቱ ይይዙታል፤ ከሦስቱ አንዱ ሲስት ግን መያዣ የለም። በዚህ ረገድ የገጠሩ ቤት ከከተማው ይሻላል። በእበት የተለቀለቀ የአፈር ወለል ሻካራ ስለሆነ ጥፍርና መዳፍ ይይዝበታል፤ አዳዲሶቹ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ቤቶች ሊሾና ሴራሚክ ግን በተለይ ውኃ ሲነካው ለውሻው እንደ በረዶ ነው። ውሻው ከሚተኛበት እስከሚበላበትና እስከ በሩ ድረስ የጆንያ ወይም የአሮጌ ምንጣፍ መንገድ መዘርጋት ከማንኛውም መድኃኒት የበለጠ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። የአካባቢው ቀይ አፈር ከሰኔ እስከ መስከረም ሲረጥብ ያዳልጣል፣ በእግር ጣቶች መካከል ተጋግሮም ያቆስላል። በዚህ ወቅት ከደጅ እስከ ግቢው በር ጠጠር ወይም ገለባ መበተን፣ መዳፉን ማታ ማታ ማጠብና ማድረቅ ያስፈልጋል። ጥፍርም እንዲሁ ክትትል ይፈልጋል፤ ረጅም ጥፍር ጣቱን ወደ ላይ ገፍቶ የቀረውን እግር አንጓ ያዛባል።

ዕረፍት ወይስ እንቅስቃሴ?

የቀድሞው ምክር ውሻው እንዲያርፍ ነበር። አሁን የሚበዙት ባለሙያዎች ስፌቱ እስኪወጣ፣ ማለትም ከ10 እስከ 14 ቀን፣ እንቅስቃሴው እንዲገደብ፣ ከዚያ በኋላ ግን አጭርና ተደጋጋሚ ጉዞ እንዲጀመር ይመክራሉ፤ በቀን አንድ ጊዜ ረጅም ከመሄድ አራት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ መሄድ ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጠላ አጥፎ በሆዱ ሥር በማሳለፍ መደገፍ ይቻላል። የኋላ ኋላ የሚደረገው ልምምድ በአገር ቤት ዕቃ ይሠራል፦ ቀጫጭን የባሕር ዛፍ አጣናዎችን መሬት ላይ ደርድሮ ቀስ ብሎ ማሻገር፣ ምግቡን ከማቅረብ በፊት ደጋግሞ ማስቀመጥና ማስነሣት፣ ጭድ በተሞላ ማዳበሪያ ላይ ለአፍታ ማቆምና ወገቡን በሚዛን መጠበቅ እንዲለምድ ማድረግ። በሀብታም አገሮች በውኃ ውስጥ የሚሠራው ልምምድ መገጣጠሚያን ሳይጫን ጡንቻ ይገነባል፤ ያንን በወንዝ ለመተካት መሞከር በበጋ በረጋ ሥፍራ ካልሆነ አይመከርም፣ የክረምት ወንዝ አራት እግር ያለውንም ይወስዳልና።

እዚህ ላይ ክርክሩ ስለ መጠኑ ነው። ጥቂት የሠራ ጡንቻው ይመነምናል፤ ብዙ የሠራ ጅማቱ ይጎዳል። ተቀባይነት ያገኘው መለኪያ የማግስቱ ጠዋት ነው፤ ውሻው ሲነሣ ከወትሮው ከደረቀ ወይም ካመነታ የትናንቱ በዝቷል። ሕመም ሲኖር ሰው የሚውጠውን አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መስጠት ከባድ ስሕተት ነው፤ ሁለቱም የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፣ ትንሽ ውሻን ደግሞ በአንድ ኪኒን ለከፋ አደጋ ሊዳርጉት ይችላሉ። ለውሻ የተፈቀዱት እንደ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ያሉት በክብደት ተለክተው በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሰጣሉ።

ሰው ሠራሽ እግርና ጋሪ

ሰው ሠራሽ እግርን የሚደግፉት ወገኖች መከራከሪያ ሸክሙን ወደ አራት መመለስ የቀሩትን ያሳርፋል የሚል ነው፤ ሐሳቡ አሳማኝ ነው። የሚቃወሙት ግን ሦስት ነገር ያነሣሉ። ዕቃው ከክርን ወይም ከጉልበት በታች የቀረ ጉማጅ ይፈልጋል፣ ቆዳን ይልጣል፣ በየጊዜውም መታረም አለበት። በትንሽ ውሻ ላይ የዕቃው ክብደት ራሱ ጥያቄ ነው። ለሰው ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራ ማዕከል በባሕር ዳር መኖሩ የእጅ ሙያው በክልሉ እንዳለ ያሳያል፤ ሆኖም ክትትሉ በየሳምንቱ ከሆነ ለቡሬ ገበሬ የሚቀርብ አማራጭ አይደለም፣ እግሩ ከላይ ለተቆረጠ ውሻ ደግሞ ጉዳዩ አስቀድሞ ተዘግቷል። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ከዚህ ይለያል፤ ሁለተኛ እግሩ ለተጎዳ ወይም ለአረጀ ውሻ በአጭር ሰዓት ያገለግላል፣ ጤነኛ ሦስት እግር ላለው ግን ጡንቻውን ሥራ ያስፈታዋል።

ክርክሩ አሁን የቆመበት

እስካሁን የተጠቀሱት የባለቤቶች ጥናቶች በአብዛኛው ቤት ውስጥ በሚያድሩ፣ ሥራ በሌላቸው ውሾች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የምዕራብ ጎጃም ውሻ ግን በረት ይጠብቃል፣ ጅብ ይገጥማል፤ ስለዚህ አንዳንዶች ሦስት እግር ያለው ውሻ ሥራውን ስላጣ ማቆየቱ ትርጉም የለውም ይላሉ። ክርክሩ ግን ሁለት ሥራዎችን ያምታታል። ውሻ የሚጠብቀው በሁለት መንገድ ነው፣ በመጋፈጥና በመጮኽ። እግር የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው፤ ቤተሰቡን የሚቀሰቅሰው፣ ጅቡንም ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ሁለተኛው ሲሆን ለእርሱ ጆሮና ጉሮሮ ይበቃሉ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ ሮጦ ማምለጥ የማይችል ውሻ ሌሊት ከአጥር ውጭ ማደር የለበትም፣ ከበረቱ አጠገብ በር ያለው፣ ጭድ የተነጠፈበት ማደሪያ ይገባዋል።

የበለጠ የሚከብደው ጥያቄ ውሻው ሲያረጅ የሚመጣው ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲደክም ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የለም፤ ያኔ በመጀመሪያው ቀን ያልተመረጠው የማሰናበት ምርጫ ተመልሶ ይመጣል፣ መቼ የሚለውን የሚወስን የተስማሙበት መለኪያም የለም። አንዳንድ ሐኪሞች መብላትንና መጠጣትን ይመለከታሉ፣ ሌሎች ያለ እርዳታ ለመሽናት መነሣትን። በግቢ ውሻ ላይ ከሁለቱም ቀድሞ የሚታይ ምልክት አለ፤ ጅብ ሲያጉረመርም ጆሮውን አቁሞ እያለ፣ ለመጮኽ ከተኛበት አለመነሣቱ።